ሁለት አሞሌ ጨው

በሚያዝያ መጨረሻ ሚዛን ላይ ወጣሁና ዘጠና ስድስት ኪሎ ሆኜ ተገኘሁ። ሚዛኑ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያን የምንከባከብ ነርስ ስለሆንኩ የታካሚ መመዘኛ ከመኪናዬ አይጠፋም። ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ባሌን ኤይናርን አወጣሁት። እሱን አላጋነነበትም።

"ሆድ ካገር ይሰፋል የሚሉት ይሄንን ነው እንዴ?" አለኝ ሱሪውን ከፍ እያደረገ።

"ኤይናር፣ ዝም በል።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ሳቄ አልመጣም፤ ከአራት ወር በኋላ ግራንሄያ ተራራን በተቆረጠ ሰዓት መውጣት አለብኝ። ካቃተኝ ውሻዬን ይወስዱብኛል።

የአደን ማኅበራችን ዘጠኝ ሰው ነው። መስከረም አጋማሽ ላይ አደኑ ሲከፈት ስምንቱ በየቦታቸው ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ አንድ ሰው ብቻ ውሻዋን በጠፍር ይዞ ጫካ ይገባል። ውሻዋ ጠረን ትከተላለች፣ ሰውየው ውሻዋን ይከተላል፣ ኮሽታ ሳያሰሙ አጋዘኑ አጠገብ ይደርሳሉ። የኛ አገር አጋዘን ቁመቱ ከፈረስ ይበልጣል፣ ጆሮው ደግሞ የክፉ ጎረቤት ጆሮ ነው። ሰው ሲያለከልክ ከማዶ ይሰማል። ስለዚህ ጠፍሩን የሚይዘው ሰው ትንፋሹ የተሰበሰበ መሆን አለበት። ውሻዋ የማኅበሩ ናት፤ የምትኖረው ግን ጠፍሩን ከሚይዘው ሰው ጋር ነው። ጠፍሩ ወደ ሌላ ሲሄድ ውሻዋም አብራ ትሄዳለች። ከአያቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ማንም ተከራክሮበት አያውቅም።

ሪፓ ወደ ቤቴ ስትመጣ ከጫማዬ ታንስ ነበር። አሁን አራት ዓመቷ ነው። ግራጫ ናት፣ ጅራቷ ጀርባዋ ላይ ይጠቀለላል፣ ጠዋት ጠዋት እኔ ሳልነሳ አፍንጫዋን አልጋው ጫፍ ላይ አስደግፋ ትጠብቀኛለች። ልጅ አልወለድኩም። ይሄን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፣ ውሻ ነው ብላችሁ እንዳታቃልሉብኝ ነው።

የተራራውን ሕግ ያወጣሁት ራሴ ነኝ።

የዛሬ ስምንት ዓመት ጠፍሩ በኢንገብሪት እጅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ይዞታል። ስልሳ ስምንት ሞልቶት ነበር፣ ዳገት ላይ ሲወጣ እንደ አሮጌ ወናፍ ይነፋ ጀምሮ ነበር፣ እኔ ደግሞ ጠፍሩን ፈለግኩት። ምን ልደብቅ። በዓመታዊው ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና "የማንንም ስም አላነሳም" ብዬ ጀመርኩ፤ እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ስለማን እንደሚያወራ ሁሉም ያውቃል። በየዓመቱ በነሐሴ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠፍር ያዡ ሃያ ኪሎ ተሸክሞ ውሻውን ይዞ ግራንሄያን በአርባ አምስት ደቂቃ ይውጣ፣ ካልቻለ ጠፍሩን ለሌላ ይልቀቅ አልኩ። እጅ ወጣ፣ ጸደቀ። ሃያ ኪሎ ምን እንደሆነ ደግሞ እዚህ አገር ሕፃንም ያውቃል፤ ሁለት አሞሌ የከብት ጨው ነው። አሞሌዎቹን ራሴ ገዛኋቸው። ማንም እንዳይለውጣቸው ብዬ በቀይ ቀለም ምልክት አደረግኩባቸው።

ኢንገብሪት ሁለት ደቂቃ ዘገየ። ሸክሙን አወረደ፣ ጨበጠኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ ቦንሶ የሚባለውን ውሻ ከነሳህኑ ቤቴ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝና ሄደ። ከዚያ ወዲህ አደን ወጥቶ አያውቅም። ቦንሶ የዛሬ አራት ዓመት ቤቴ ሞተ፣ በሱ ፋንታ ሪፓ መጣች።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይላሉ። እኔ አርቄ ነበር የቆፈርኩት።

በግንቦት አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ቶርግሪምን አገኘሁት። የማኅበራችን ታናሽ ነው፣ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሆድ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት። የልብ ትርታ የሚቆጥር ሰዓት አስሮ በሳምንት ሦስት ጊዜ ግራንሄያን ይወጣል። እኔ ከወደቅኩ ተረኛው እሱ ነው።

"እትዬ ኦስሂልድ፣" አለኝ የውሻ ምግቡ መደርደሪያ ጋ ቆሞ፣ "ሪፓ የትኛውን ነው የምትወደው? ቅናሽ ላይ ስለሆነ ከአሁኑ ልግዛ ብዬ ነው።"

"ጣት ነው የምትወደው። በተለይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጣት።"

ገንዘብ ተቀባይዋ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

እንግዲህ መክሳት ተጀመረ። መቼ? እሱ ነው ጥያቄው። በየጠዋቱ አሥራ አራት ቤት አለብኝ፣ በሦስት ቀን አንዴ የማታ ተራ አለብኝ። ማዘጋጃ ቤቱ አንድ እግር ላይ ካልሲ ለማጥለቅ ስምንት ደቂቃ ይሰጠኛል፣ መኪናዬ የት እንደቆመ በስልክ ያያል። ስፖርት ቤት የሚባለው ከኛ አንድ ሰዓት መንገድ ነው። ስለዚህ መኪናዬን ከየዳገቱ ሥር እያቆምኩ ቦርሳዬን ተሸክሜ በእግሬ መውጣት ጀመርኩ። አለቃዬ ደወለች። "ኦስሂልድ፣ መኪናሽ ተበላሽቷል እንዴ?" "መኪናው ደህና ነው፣ የተበላሸሁት እኔ ነኝ" አልኳት።

ከዳገቱ የባሰው ምግቡ ነው። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ጠረጴዛ ላይ ኬክ አቅርቦ ሲጠብቅህ አልበላም ማለት ፊቱን በጥፊ መምታት ነው። አሥራ አራት ቤት፣ አሥራ አራት ኬክ። ዘጠና ስድስት ኪሎ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? አንዷ እምቢ ብላት አኮረፈችኝና ለሁለት ሳምንት በሩን እየከፈተችልኝ ጀርባዋን ትሰጠኝ ነበር።

የመጨረሻው ቤት የኢንገብሪት ነበር። ከወንዙ ማዶ፣ ጠመዝማዛው መንገድ አናት ላይ፣ ብቻውን ይኖራል። እግሩ እያበጠ ስላስቸገረው ከሦስት ዓመት ወዲህ የእብጠት ካልሲውን የማጠልቅለት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ዝርዝሩ ላይ ስሙን ሳይ ልሸሽ ፈለግኩ፤ ሌላ ነርስ ይሂድልኝ ብዬ እንዳልለምን ደግሞ ምክንያቱን መናገር አለብኝ። ሄድኩ። በሩን ከፍቶ "ግቢ፣ ብርድ አታስገቢ" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ትኩስ ዋፍል፣ የኛን ጣፋጭ ቂጣ፣ በቡናማ አይብ አቅርቦ ይጠብቀኛል። ስለ አየሩ፣ ስለ ሬድዮው፣ ስለ ወገቡ እናወራለን። ስለ አደን አንድ ቃል አይወጣንም። አንዳንዴ ሦስተኛውን ዋፍል ስጎርስ ይሄ ሽማግሌ እያወፈረ ሊበቀለኝ ይሆን እንዴ እላለሁ።

በሰኔ አንድ ጠዋት ሳህኑን ገፋ አደረግኩት።

"አመመሽ?"

"አላመመኝም።"

"ታዲያ?"

ጭቃ የጠገበ ጫማዬን አየው። "ግራንሄያ ነው?" አለ።

በስምንት ዓመት ውስጥ የተራራውን ስም ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። ጆሮዬ ጋለ። "አዎ" አልኩ።

"በመስኮት አይሻለሁ እኮ" አለኝ። "አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ነው የምትወጪው። ትሮጫለሽ፣ ትቆሚያለሽ። ትሮጫለሽ፣ ትቆሚያለሽ። ቀስ በይ፣ አትቁሚ። ትንፋሽሽን በአፍንጫሽ አስገቢ፤ አፍሽን ከከፈትሽ ፈጥነሻል ማለት ነው።"

"እሺ ጋሽ ኢንገብሪት።"

"በይ ካልሲውን።"

ያን ቀን መንገዱን ስወርድ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ በደንብ አልገባኝም ነበር። ምክሩ ግን ሠራ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እኔም ሄድኩ። በሐምሌ መግቢያ ዘጠና፣ በሐምሌ መጨረሻ ሰማንያ ሰባት። ሱሪዬ በቀበቶ ካልሆነ አልቆም አለ። ሪፓም አብራኝ ቀጠነች፣ እሷ እንኳ ምንም ትርፍ ኪሎ አልነበረባትም።

ነሐሴ ሲጋመስ በሸክም መለማመድ ነበረብኝ። ከኢንገብሪት በኋላ ባሉት ዓመታት ፈተናው ላይ የምሸከመው የአሸዋ ከረጢት ነው፤ ሃልቫርድ፣ የአደን አለቃችን፣ ከግንባታ ዕቃ መደብር የገዛው፣ ሃያ ኪሎ ተብሎ የታተመበት። እሱን እቤቱ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ሄጄ ስፈልግ ጥግ ላይ፣ ከአሮጌ ጆንያ ሥር፣ ሁለቱን አሞሌዎች አገኘኋቸው። ቀዩ ምልክቴ አልለቀቀም። ሰው አልነካቸውም፣ ከብትም አልላሳቸውም። የጀርባ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸውና ወንበር ላይ ተቀምጬ አዘልኳቸው፤ ልነሳ ስል ክብደቱ መልሶ አስቀመጠኝ።

መጀመሪያ በራሴ ተናደድኩ። ሦስት ወር ሙሉ ሣር ስግጥ ከርሜ ሃያ ኪሎ ይጥለኛል? ከዚያ እንዲሁ፣ ምንም ሳላስብ፣ ሚዛኑን ከመኪናው አውጥቼ አሞሌዎቹን ጫንኳቸው። ሃያ አምስት አለ። አወረድኩ፣ መልሼ ጫንኩ። ሃያ አምስት። አንዱን ገለበጥኩት። ሥሩ ላይ፣ መሬት በሚነካበት በኩል፣ ተቀርጾበታል፤ አሥራ ሁለት ኪሎ ተኩል።

መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ፋብሪካው በዚያ ዓመት አሞሌውን አሳድጎት ይሆናል፣ ወይ እኔ ከሌላው መደርደሪያ አንስቼ ይሆናል፣ አላውቅም። የማውቀው አለመገልበጤን ነው። አሞሌ አሥር ኪሎ ነው ብለን ሁላችንም እናውቅ ነበርና ማንም አልመዘነም። ስልሳ ስምንት ዓመት የሞላውን ሰው አምስት ኪሎ ጨምሬ አሸክሜ በሁለት ደቂቃ ጥዬዋለሁ። ዳገት የወጣ ሰው አምስት ኪሎ በአርባ አምስት ደቂቃ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ያን ጠፍር አሸንፌ አልወሰድኩትም። ያን ውሻም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት የከፉ ነበሩ። ብናገር ምን እንደሚሆን አስቤ ጨርሻለሁ፤ በሐሰት ሚዛን የተገኘ ጠፍር ይመለስ ይባላል፣ ሽማግሌው ከእንግዲህ ጫካ አይገባም፣ ተረኛው ቶርግሪም ነው፣ ሪፓ ትሄዳለች። ዝም ብል ደግሞ ማንም አያውቅም። በየጠዋቱ ኢንገብሪት እግር ሥር ተንበርክኬ ካልሲውን ስጎትት አፌ ላይ ይመጣና እመልሰዋለሁ። "ከስተሻል" ይለኛል። "አዎ" እላለሁ። "አካሄድሽም ተስተካክሏል።" "አዎ።" ለኤይናርም አልነገርኩትም። አንድ ቀን እራት ላይ አፍጥጦ አይቶኝ "አንቺ ከስተሽ ብቻ አይደለም፣ ጠቁረሻል። ምን በላሽ?" አለኝ። ምን በላሽ ብሎ ጠየቀኝ፣ ምንም ሳልበላ።

ቅዳሜው ደረሰ። ተራራው ሥር ሃልቫርድ፣ ቶርግሪምና ሌሎች ሁለት ሰዎች ጠበቁኝ። ጠል ወድቋል፣ ሰማዩ ዝቅ ብሏል። ሃልቫርድ የአሸዋውን ከረጢት ከመኪናው ሊያወርድ ጎንበስ ሲል፣

"ተወው፣ የራሴን ይዣለሁ" አልኩት።

ለምን እንዳልኩት አሁን ብትጠይቁኝ በትክክል አልመልስላችሁም። ሌሊቱን ሙሉ በአሸዋው እወጣለሁ ብዬ ነበር። ጠዋት ስነሳ እጄ አሞሌዎቹን ጫነ።

ሃልቫርድ ቦርሳዬን ከፍቶ አየ። "እነዚህ የድሮዎቹ አይደሉም እንዴ? ከየት አመጣሻቸው? እሺ፣ ሁለት አሞሌ ነው፣ ሃያ ነው" አለና ዘጋው።

ይመዘን የሚል ሰው እጠብቅ ነበር። አንድ ሰው ቢል ኖሮ እዚያው እናገር ነበር። ማንም አላለም፤ ልክ እንደ ያኔው።

"እትዬ፣ ዝግጁ ነሽ?" አለ ቶርግሪም። ሕጉ ተረኛው ሰዓት ይዞ ከኋላ ይከተል ይላል። እሱንም እኔ ነኝ ያጻፍኩት።

"ተነስቻለሁ" አልኩ፣ ጠፍሩን ወገቤ ላይ አስሬ።

ረግረጉን ስንሻገር ደህና ነበርኩ። ሪፓ ከፊት ትስባለች፣ በአፍንጫዬ እተነፍሳለሁ። በርች ዛፎቹ ውስጥ ስንገባ መንገዱ ቆመ፣ ማለትም ዳገቱ ቆሞ ግድግዳ ሆነ፣ የቦርሳው ማንገቻ ትከሻዬን መብላት ጀመረ። አሥራ ሁለት ደቂቃ። ቀስ በይ፣ አትቁሚ። ከኋላዬ የቶርግሪም እግር ይሰማኛል፣ ትንፋሹ ግን አይሰማም። ኧረ ይሄ ልጅ ሳንባውን ከየት ነው ያመጣው። ሃያ ደቂቃ ላይ ምንጩ ጋ ደረስን። በሃያ ኪሎ ስለማመድ አሥራ ስምንት ላይ ነበር የምደርሰው። ሁለት ደቂቃ ከወዲሁ በልቶኛል።

ፈጠንኩ። ስህተት ነበር። አፌ ተከፈተ፣ አንዴ ከተከፈተ አልዘጋ አለ። ልቤ ጉሮሮዬ ላይ ይመታ ጀመር። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሪፓ ሳህን ኩሽና ውስጥ ያለበት ቦታ፣ ነገ ባዶ ሲሆን። ቂል ነሽ አልኩ ራሴን። አሸዋው እዚያ ነበር። ሃያ ኪሎ፣ ሕጋዊ፣ ሁሉም የሚያውቀው። አልፈሽ፣ ውሻሽን ይዘሽ፣ ከዚያ ብትናገሪስ ምን ነበረበት? ግን ካለፍኩ በኋላ እንደማልናገር አውቀዋለሁ። ራሴን አውቃታለሁ፣ ሃምሳ አንድ ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ።

ሠላሳ አምስት ደቂቃ ላይ ድንጋያማው ቁልቁለት ጀመረ፤ ለሚወርድ ቁልቁለት፣ ለኔ መከራ። ድንጋዩ እርጥብ ነው። አንድ ጊዜ ጉልበቴ መሬት ነካ። ሪፓ ዞራ መጥታ ፊቴን ላሰችኝ።

"ላግዝሽ?" አለ ቶርግሪም። ድምፁ ውስጥ ፌዝ አልነበረም።

"እንዳትነካኝ!"

በእጄም በእግሬም ሄድኩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለኛል፣ አናት ላይ ያለው የድንጋይ ክምር አንዴ ይቀርበኛል አንዴ ይርቀኛል። "አርባ ሦስት" አለ ቶርግሪም። ጭኔ የራሴ አልነበረም። "አርባ አራት።" ክምሩ አጠገብ ሃልቫርድ በሌላው መንገድ በሞተር ወጥቶ ቆሟል፣ እጁን ያወዛውዛል፣ አፉ ይከፈታል፣ ምን እንደሚል አልሰማም። "አርባ አምስት" አለ ቶርግሪም፣ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ገና ሠላሳ እርምጃ ነበረኝ። አልቆምኩም። ድንጋዩን ስነካ በግንባሬ ተደፋሁ።

"አርባ ስድስት ከሃያ ሰከንድ።"

ሪፓ ጎኔ ተኛች። ሃልቫርድ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። "ኦስሂልድ፣ በጣም አዝናለሁ" አለ። "በእውነት። ግን ሕጉ..."

"ሕጉን አውቀዋለሁ" አልኩና ቦርሳውን ከጀርባዬ አውልቄ አንዱን አሞሌ አወጣሁ። ገልብጬ ቶርግሪም እግር ሥር አስቀመጥኩት። "አንብበው።"

አነበበው። ሁለተኛውንም ራሱ አውጥቶ ገለበጠው።

"ሃያ አምስት ኪሎ ነው" አለ። "ታውቂ ነበር?"

"ከሁለት ሳምንት ወዲህ።"

ሃልቫርድ ፊቱ በርበሬ መሰለ። "አብደሻል እንዴ? እኔ አሸዋውን ይዤልሽ ቆሜ! ለአንዲት ደቂቃ እኮ ነው የዘገየሽው፣ በሃያ ኪሎ እየተዝናናሽ ታልፊ ነበር! ምን ፈልገሽ ነው?"

"ምን እንዳሸከምኩት ማወቅ ፈልጌ።"

"ማንን?"

መልስ አላስፈለገውም። የዛሬ ስምንት ዓመት እዚያው ክምር አጠገብ ቆሞ የኢንገብሪትን ሰዓት ያነበበው ሃልቫርድ ራሱ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስሙኝ፣ እዚህ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን፣ ሌሎቹ ከታች ናቸው። የዛሬው አይቆጠርም። በሚቀጥለው ቅዳሜ በአሸዋው ትወጣለች። ያለፈው አልፏል፣ ሽማግሌውን ምን እናስለቅሰዋለን" አለ።

ውስጤ ዘለለ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

"አይሆንም" አለ ቶርግሪም።

"አንተ ውሻዋን ስለፈለግክ..."

"ሃልቫርድ፣ አስጨርሰኝ። ሕጉ ሃያ ኪሎ ነው የሚለው። የሷ የዛሬው ካልተቆጠረ የጋሽ ኢንገብሪትም አይቆጠርም። ያልወደቀ ሰው ጠፍር አይነጠቅም። ስለዚህ ጠፍሩ ከሱ እጅ አልወጣም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ የሱ ነው። ማን ይያዘው፣ ውሻዋ የት ትደር፣ የሚናገረው እሱ ነው። እኔም አይደለሁም፣ እሷም አይደለችም፣ አንተም አይደለህም።"

ይሄን ሲል የራሱንም ተራ እየዘጋ እንደነበር ያውቃል። ሦስት ዓመት በዓይነ ቁራኛ ስጠብቀው የኖርኩት ልጅ ነው። ያኔ ቀና ብዬ አየሁትና አፈርኩ።

"ማን ይነግረዋል?" አለ ሃልቫርድ። ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።

እሁድ ጠዋት ሪፓን ይዤ ጠመዝማዛውን በእግሬ ወጣሁ። ኢንገብሪት በመስኮት አይቶን ነበር፤ በሩ ተከፍቶ ጠበቀን። ውሻ ይዤ ቤቱ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። ሪፓ ወለሉን አሽትታ አሽትታ ምድጃው አጠገብ ያለ አሮጌ ምንጣፍ ላይ ቆመች። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘረጋልኝ። ተንበረከክኩ። ካልሲውን ይዤ፣ አቀርቅሬ፣ ሁሉንም ነገርኩት። አሞሌውን፣ ቁጥሩን፣ ሁለት ሳምንት ዝም ማለቴን፣ ትናንት የሆነውን፣ ቶርግሪም ያለውን። ቀና ብዬ አላየሁትም።

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ቶርግሪም ነገረህ?"

"ማንም አልነገረኝም። ያን ዕለት ከመኪናው ሳነሳው ነው ያወቅኩት። ሠላሳ ዓመት ሥጋ በጀርባዬ ከጫካ ሳወጣ የኖርኩ ሰው ሃያን ከሃያ አምስት ልለይ?"

"እና ለምን አልተናገርክም?"

"ምን ብዬ? ከበደኝ?" ሳቅ ቢጤ አለ። "ዘጠኝ ሰው ዓይን ፊት፣ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ትንፋሽህ አጥሯል ተብዬ፣ ከበደኝ ልበል? ብወጣው ኖሮ ደግሞ እንዴት ያለ ነገር ነበር፣ እዚያ አናት ላይ ገልብጬ አሳያችሁ ነበር። ሁለት ደቂቃ ነው ያጣሁት።" ትንሽ ቆየና፣ "ደሞ ሆን ብለሽ ያደረግሽው ነበር የመሰለኝ።"

ያኔ ነው ቀና ያልኩት። "ስምንት ዓመት ሙሉ?"

"ስምንት ዓመት ሙሉ።"

"ሆን ብላ ነው ብለህ... ዋፍል ታበላኝ ነበር?"

"ርቦሽ ትመጪ ነበራ" አለ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ምን ይባላል በሚል ፊት።

ምን ልበል? ይቅርታ አልኩ። ቃሉ እንደዚያን ቀን አንሶብኝ አያውቅም። በእጁ ተዪው አለኝና ወደ ሪፓ አየ። እሷ ምንጣፉ ላይ ተኝታ ነበር።

"ቦንሶ እንዴት ሞተ?" አለኝ።

ከሦስት ዓመት በላይ በየጠዋቱ እዚህ ቤት ገብቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልነገርኩትም፤ እንዳይከፋው ብዬ። ጥያቄውን ይዞ መቀመጡን አላሰብኩም።

"በእንቅልፉ ነው። አሥራ ሦስት ሞልቶት ነበር። አልታመመም።"

"አዳነልሽ?"

"እንደሱ ያለ አላየሁም።" እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። "ጋሽ ኢንገብሪት፣ አንድ ነገር አለ። ድልድዩ ጋ፣ መንገዱ ወዳንተ የሚታጠፍበት ቦታ ስንደርስ፣ ሁልጊዜ ወደዚህ ይስበኝ ነበር። እስኪሞት ድረስ። ቁጭ ብሎ እምቢ ይላል። እየጎተትኩ ነበር የማሳልፈው።"

በመስኮቱ ወደ ድልድዩ አየ። አገጩ ሲንቀጠቀጥ አየሁና ዓይኔን መለስኩ። ከዚያ በእጁ ጀርባ አፍንጫውን ጠረገ።

"ጠፍሩን አንቺ ያዥ" አለኝ። "አካሄድ አውቀሻል። ቶርግሪምን ደግሞ አብረሽ አስከትይው፣ ያ ልጅ ደህና ልጅ ነው፣ ይማር። ውሻዋ ግን እዚህ ታድራለች። አደን ሲሆን ጠዋት መጥተሽ ትወስጃታለሽ፣ ማታ መልሰሽ ታመጫታለሽ። በእግርሽ።"

ጠፍሩን አተረፍኩ። የፈራሁት ግን እሱን ማጣት አልነበረም፤ ይሄን ነበር የፈራሁት። "ልትቀጣኝ ነው?" አልኩት፤ በቁጣ ነው ያልኩት፣ መብት እንዳለኝ ሁሉ።

"ኧረ ልጄ፣ ምን ቅጣት" አለ ኢንገብሪት። "አንቺ ማታ ስትገቢ ኤይናር አለሽ።"

ሁለተኛውን ካልሲ አጠለቅኩለት፣ ጠፍሩን ከሪፓ አንገት ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እስከ በሩ ተከተለችኝ። "ቆይ እዚህ" አልኳት፣ ቆየች።